በትከሻ የመጣች ጽዮን፦ ከአክሱም እስከ ዝዋይ ደብረ ጽዮን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ አንባቢያን፣ አሰላን የምታውቋት ሁሉ ይህን ታስተውላላችሁ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ምዕራባዊ ተዳፋት ተቀምጣለች። ከኋላዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጭላሎ ቆሟል፤ ከፊቷ ደግሞ የስንዴና የገብስ ማሳዎች ቀስ በቀስ እየወረዱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይዘልቃሉ። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በጠራ ማለዳ ወደ ምዕራብ አሻግሮ የተመለከተ ሰው በሸለቆው ወለል ላይ ተዘርግቶ የሚያንጸባርቅ ውኃ ያያል። ይህ የዝዋይ ሐይቅ ነው። በሐይቁ ላይ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቁ ደግሞ ደብረ ጽዮን ነው፤ በዙሪያው የሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ ቱሉ ጉዶ፣ ማለትም ትልቁ ተራራ፣ ብሎ ይጠራዋል።

አባቶቻችን እንደ ነገሩን፣ አክሱም በጠፋችበት ዘመን ታቦተ ጽዮንን የተሸከሙ ካህናት መጥተው ያረፉት በዚህ ደሴት ላይ ነው። ከአሰላ ደሴቱ ድረስ በቀጥታ መስመር ቢለካ አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከአክሱም ደሴቱ ድረስ ግን በቀጥታ መስመር እንኳ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ተራራውን የሚዞር፣ ገደሉን የሚወርድና የሚወጣ የእግር መንገድ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይረዝማል። ስለ ደብረ ጽዮን ስንማር ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ታቦቷ በእርግጥ እዚህ ነበረችን? ስንት ዓመትስ ተቀመጠች?» ብለን ነው። ዛሬ ከእናንተ ጋር ማሰብ የምንፈልገው ሌላ ጥያቄ ነው። ማን ተሸከማት? ከእነርሱስ ማን ተቀበለ?

የመሸከም ሕግ

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት ወደ ኦሪት እንመለስ። እግዚአብሔር ለሙሴ የታቦቱን አሠራር ባዘዘው ጊዜ በጎንና በጎኑ የወርቅ ቀለበቶች እንዲደረጉለት፣ በቀለበቶቹም ውስጥ መሎጊያዎች እንዲገቡ አዟል። መሎጊያዎቹም በቀለበቶቹ ውስጥ ይኖራሉ እንጂ ከቶ አይወጡም (ዘጸ. 25፥12-15)። ታቦቱ በድንኳኑ ውስጥ ባረፈበት ሰዓት እንኳ መሎጊያው እንደ ገባ ነው። ዕረፍቱ ለሌላ ጉዞ የተዘጋጀ ዕረፍት ነበር።

በዘኍልቍ መጽሐፍ ምዕራፍ 7 ላይ ደግሞ ሌላ ነገር እናነባለን። የእስራኤል አለቆች ስድስት ሠረገላና ዐሥራ ሁለት በሬ ለድንኳኑ አገልግሎት አቀረቡ። ሙሴም ለጌድሶን ልጆች ሁለት ሠረገላና አራት በሬ፣ ለሜራሪ ልጆች አራት ሠረገላና ስምንት በሬ ሰጠ። ለቀዓት ልጆች ግን ምንም አልሰጠም፤ የእነርሱ ድርሻ ንዋያተ ቅድሳቱን በትከሻቸው መሸከም ነበርና። መጋረጃው፣ ሳንቃውና ምሰሶው በሠረገላ ይሄዳል፤ የከበረው ነገር በሰው ትከሻ ይሄዳል።

ይህ ሕግ በተረሳበት ዘመን የሆነውን ታውቃላችሁ። ዳዊት ታቦቱን በአዲስ ሠረገላ አስጭኖ ሲያመጣ በሬዎቹ ፋነኑ፤ ዖዛም እጁን ዘርግቶ ተቀሠፈ (2ኛ ሳሙ. 6)። ታቦቱ በአቢዳራ ቤት ሦስት ወር ከቆየ በኋላ በትከሻ ተሸክመው ሲመለሱ፣ ስድስት እርምጃ በሄዱ ጊዜ ዳዊት መሥዋዕት ሠዋ። መጽሐፍ እርምጃውን ቆጥሮ መጻፉን ልብ በሉ። ሠረገላው ፈጥኖ ነበር፤ የደረሱት ግን በእርምጃ የሄዱት ናቸው።

አክሱም በጠፋችበት ዘመን

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱም መንግሥት ወደ ፍጻሜው ደርሶ ነበር። የታሪክ ተማሪ ሁለት ነገሮችን ሊለይ ይገባዋል፤ በዘመኑ ተጽፎ የተገኘውንና በትውፊት የተላለፈውን። ሁለቱም ዋጋ አላቸው፤ መልካቸው ግን አንድ አይደለም።

በዘመኑ ከተጻፈው እንጀምር። ኢብን ሐውቀል የተባለው ዐረባዊ ተጓዥና ጸሐፊ በዚያው መቶ ዓመት የሐበሻን አገር አንዲት ንግሥት እንደምትገዛ፣ የቀድሞውን ንጉሥም እንደ ገደለች ጽፏል። በእስክንድርያ የፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥ ደግሞ፣ ከ979 እስከ 1003 እ.ኤ.አ. በመንበረ ማርቆስ በተቀመጡት በአባ ፊላታዎስ ዘመን፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከው መልእክት ተመዝግቧል። መልእክቱ የልቅሶ መልእክት ነው። አንዲት ንግሥት ተነሥታ ከተሞችን እንዳቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናትን እንዳፈረሰች፣ ንጉሡንም ከስፍራ ወደ ስፍራ እንዳሳደደችው ይናገራል። የኖባው ንጉሥ አማልዶለት ፓትርያርኩ ጳጳስ እንዲልክለትም ይለምናል። ልመናው ተሰምቶ አባ ዳንኤል ተላኩ።

በትውፊት የተላለፈው የቀረውን ይሞላል። ንግሥቲቱን ዮዲት ወይም ጉዲት ይላታል። ካህናቱ ጽዮንን ከእሳት አውጥተው ወደ ደቡብ እንደ ሸሹ፣ በመጨረሻም ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደርሰው በደሴቱ እንዳሳረፏት፣ በዚያም ሰባ ዓመት ያህል ተቀምጣ ሰላም ሲሆን ወደ አክሱም እንደ ተመለሰች ይተርካል። ኅዳር 21 ቀን የጽዮን ማርያምን በዓል ስናከብር ከምናስባቸው ነገሮች መካከል ይህን መመለስ የሚጨምሩ መምህራን አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ያን መንገድ በልቡናችሁ ሂዱት። የተከዜን ገባሮች ተሻግራችሁ፣ በላስታና በቤተ አማራ ተራሮች አልፋችሁ፣ የሸዋን ገደሎች ወርዳችሁና ወጥታችሁ፣ አዋሽን ተሻግራችሁ ነው ወደ ስምጥ ሸለቆው የምትደርሱት። በየደጋው ብርድ አለ፤ በየቆላው ወባ አለ። ከኋላ አሳዳጅ፣ ከፊት የማይታወቅ አገር አለ። ንጉሡ ራሱ የሚሸሸግበት ባጣበት ዘመን ማረፊያ ለማግኘት የሚረዳ ባለሥልጣን አይታሰብም። ከእነዚያ ተሸካሚዎች የአንዱም ስም በመጽሐፍ አልቀረልንም። ዳዊት ስድስቱን እርምጃ ቆጠረ፤ የእነርሱን እርምጃ የቆጠረ ሰው አልነበረም።

ደሴቱና ገጹ

ስለ ምን ደሴት መረጡ? መልሱ ከመልክዓ ምድሩ ላይ ይነበባል። የዝዋይ ሐይቅ 1,636 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ጥልቀቱ ግን ከዐሥር ሜትር የማይደርስ ሐይቅ ነው። ዳርቻው በደንገልና በሸምበቆ የተሸፈነ ነው። በፈረስ የሚዋጋ ሠራዊት እስከ ውኃው አፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱን የሚያውቀው የታንኳ ባለቤት ብቻ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስና በጣና ገዳማት እንደ ታየው፣ ለመጽሐፍና ለንዋየ ቅድሳት ውኃ ከግንብ የተሻለ አጥር ሆኖ ያገለገለባቸው ዘመናት ብዙ ናቸው።

ደሴቱ ራሱ ከሐይቁ ወለል ሁለት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ድንጋያማ ተራራ ነው። ከጀልባ ወርዳችሁ ሽቅብ መሄድ ስትጀምሩ በመጀመሪያ የምታዩት እርከኖቹን ነው። የደሴቱ ሰዎች ለዘመናት ድንጋይ እየለቀሙ፣ ተዳፋቱን እየካቡ፣ አፈሩን ከጎርፍ አስጥለው ያርሱበታል። እያንዳንዱ ካብ የእጅ ሥራ ነው፤ በየዓመቱ ካልተጠገነ ይፈርሳል። በዚህ ተራራ ላይ ቶሎ መሄድ አይቻልም። ትንፋሽ ለመሰብሰብ በቆማችሁ ቁጥር ሐይቁ ከበታቻችሁ እየሰፋ ይሄዳል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ የአርሲ ተራሮች፣ ጭላሎና ጋላማ፣ እንደ ሰማያዊ ግንብ ተዘርግተው ይታያሉ። ከአሰላ ሆናችሁ ያያችሁትን አሁን ከዚያኛው ወገን ታዩታላችሁ።

ከደብረ ጽዮን ሌላ በሐይቁ ላይ አይሱት ወይም ጸደቻ፣ ፋማት ወይም ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና የተባሉ ደሴቶች አሉ። ስሞቹን ደግማችሁ አንብቡ፤ ጽዮን፣ ገሊላ፣ ሲና። ከኢየሩሳሌም መንገድ የተለዩ ክርስቲያኖች ቅድስት አገርን በውኃ መካከል ለራሳቸው ሠርተዋታል።

ተሸካሚው ሲለወጥ

ካህናቱ ወደ አክሱም ከተመለሱ በኋላ ደሴቱ ባዶ አልቀረም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሥታቱን ስለ ጋብቻ ሕግ በድፍረት የገሠጹ መነኮሳት በግዞት ከተላኩባቸው ስፍራዎች መካከል የዝዋይ ደሴቶች ይገኙበታል። ለቅጣት የተላኩበትን ስፍራ የጸሎት ስፍራ አደረጉት። ሊቃውንት የ14ኛውና የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው የሚሏቸው፣ በሥዕል ያጌጡ የብራና መጻሕፍት በደብረ ጽዮን ተጠብቀው መገኘታቸው ለዚህ ምስክር ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1529 ከተደረገው ከሽምብራ ኩሬ ጦርነት በኋላ፣ በዙሪያው ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ሲጠፉ ደሴቶቹ ከሌላው የክርስቲያን አገር ተለዩ። መለየቱም ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆየ።

በዚያ ሁሉ ዘመን መጻሕፍቱን የጠበቀው ማን ነው? ዛይ የተባለው ሕዝብ ነው፤ ጎረቤቶቹ ላቂ ይሉታል። ዓሣ እያጠመደ፣ እየሸመነ፣ እርከን እያረሰ፣ በታንኳ ወደ ዳር እየወጣ ከአርሲ ኦሮሞ ጋር እየተገበያየ ኖሯል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡ የምንፈልገው ነገር አለ። የዛይ ቋንቋ ከሴም ቋንቋዎች ወገን ነው፤ ነገር ግን የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛና ሐረሪ ናቸው እንጂ ትግርኛ አይደለም። የዛይ ሽማግሌዎችም ሲተርኩ አባቶቻቸው ከአንድ አገር ብቻ እንዳልመጡ ይናገራሉ፤ ከአክሱም የመጡ አሉ፣ ከሸዋና ከጉራጌ ወገን የመጡ አሉ፣ ጦርነት ሸሽተው የገቡም አሉ። እንግዲህ አደራውን እስከ ዛሬ ያደረሱት ታቦቷን ከአክሱም የተሸከሙት ካህናት የሥጋ ልጆች ብቻ አይደሉም ማለት ነው። ቋንቋው ሌላ የሆነ፣ አገሩ ሌላ የሆነ ሰው ትከሻውን ሰጠ። ግእዙን በዜማ ተማረ፤ በቤቱ በዛይኛ ተናገረ፤ በገበያ በኦሮምኛ ተገበያየ። መሎጊያው ከቀለበቱ አልወጣም፤ የተለወጠው ትከሻው ነው።

ይህን ታሪክ ሙሉ ለሙሉ በደስታ ብቻ መተረክ ግን አይገባም። በ1870ዎቹ ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሠራዊት ከአርሲ ኦሮሞ ጋር ለዓመታት ተዋግቷል። አርሲዎች አገራቸውን በጽናት ተከላክለዋል፤ ብዙ ሕዝብም አልቋል፤ የአኖሌ ስም እስከ ዛሬ በሐዘን ይነሣል። ለደሴቱ ክርስቲያኖች መንገድ የተከፈተበት ዘመን ለጎረቤቶቻቸው የመከራ ዘመን ነበር። እውነትን የሚወድ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ሁለቱን አንድ ላይ ሊያውቅ ይገባዋል፤ የአንዱን ደስታ ለመተረክ የሌላውን እንባ መርሳት የክርስቲያን ወግ አይደለምና።

የእኛ እግር

የአርሲ ደጋ የእግር አገር ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ዐሥር ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ፣ ዐሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ሲመለስ ያደገው በአሰላ አካባቢ ነው። ደራርቱ ቱሉ የወጣችው ከበቆጂ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ጫፉ የተከፈለ በትር ይዘው፣ በዚሁ ደጋ እያለፉ፣ በባሌ ወደሚገኘው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ለብዙ ቀናት በእግራቸው ይጓዛሉ። የእኛም አያቶች ቁልቢና ግሸን ሲሄዱ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረው፣ በየመንደሩ «የመሸበት እንግዳ» እየተባሉ እያደሩ ነበር።

ዛሬስ? ጠዋት በአውቶቡስ ተሳፍረን፣ በባቱ ከተማ ዳር በሞተር ጀልባ ተሻግረን፣ ተሳልመን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን ማታ ቤታችን እንገባለን። ይህን የምንለው መኪናውን ለመንቀፍ አይደለም። አረጋዊው፣ ሕመምተኛውና ሕፃን ያዘለችው እናት በእርሱ ተረድተው ይሳለማሉ፤ የጌድሶን ልጆችም ሠረገላ ተሰጥቷቸዋል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ሁላችንም መጋረጃና ሳንቃ ብቻ ተሸካሚዎች ሆነን፣ በትከሻ የሚሄደው ነገር ተሸካሚ አጥቶ እንዳይቀር ነው።

በትከሻ የሚሄደው ነገር ምንድን ነው? ሦስት ነገሮችን እንጥቀስ።

አንደኛው መጻሕፍቱ ናቸው። ብራና ስድስት መቶ ዓመት ይቆያል፤ የሚያነበው ሰው ከሌለ ግን የተቆለፈ ሣጥን ነው። ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ፣ በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እስካረፉበት ጊዜ ድረስ፣ በዚሁ በዝዋይ ዳርቻ ካህናትንና ወጣቶችን ሰብስበው ያስተማሩት ይህን ስለ ተረዱ ነው። በትከሻ መሸከም ማለት ግእዝ መማር ማለት ነው።

ሁለተኛው የደሴቱ ሕዝብ ነው። ብዙ የዛይ ቤተሰቦች ወደ ሐይቁ ዳርቻና ወደ ከተሞች ወጥተዋል፤ ልጆቻቸውም የአባቶቻቸውን ቋንቋ እየረሱ ነው። ለመሳለም ስትሄዱ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጣችሁ «አባቴ፣ ይህን በዛይኛ ምን ትሉታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያወራውን የሚሰማው ወጣት ያገኘ ሽማግሌ ሸክሙ ይቀልለታል።

ሦስተኛው ውኃው ነው፤ ይህ ደግሞ እኛን የአሰላና የአካባቢዋን ሰዎች በቀጥታ ይመለከተናል። ዝዋይን ከሚሞሉት ሁለት ዋና ወንዞች አንዱ መቂ ነው፤ ከጉራጌ ተራሮች ይወርዳል። ሁለተኛው ከታር ነው፤ ከእኛው ከአርሲ ተራሮች ይወርዳል። በጭላሎና በጋላማ ተዳፋት ላይ የዘነበው ዝናብ፣ የታረሰው ማሳ አፈር፣ የተጣለው ቆሻሻ ሁሉ በከታር በኩል ወደዚያ ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ ጥልቀት የለውም፤ አፈሩ ከሞላው፣ መስኖው ከቀነሰው፣ እንቦጩም ከሸፈነው ለመጻሕፍቱ አጥር የሆነው ውኃ ይጎድላል። የደሴቱ ገበሬ ካቡን በየዓመቱ ይጠግናል። እኛ በላይኛው ተዳፋት ያለን ሰዎች ደግሞ የእርሻችንን እርከን ስንሠራ፣ የምንጩን ዳር ስንተክል፣ ሳናውቀው የደብረ ጽዮንን አጥር እንጠግናለን።

እንግዲህ፣ ውድ አንባቢያን፣ በመጪው ኅዳር ጽዮን ወደ ደሴቱ ለመሄድ የምታስቡ ወጣቶች ሁሉ ይህን ስሙ። ከመሄዳችሁ በፊት 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6ን አንብቡ። ጉልበት ያላችሁ ከመንገዱ የተወሰነውን ክፍል እንኳ በእግራችሁ ሂዱት፤ ከቆላው ሙቀት እስከ ውኃው ዳር ያለውን ርቀት እግራችሁ ይወቀው። በደሴቱ ላይ ስትወጡ አትሽቀዳደሙ፤ ከመካከላችሁ የደከመ ቢኖር ጓዙን ተቀበሉት። መጻሕፍቱን ካላሳዩአችሁ አትቀየሙ፤ ካሳዩአችሁ አትንኩ። ስትመለሱም አንድ ነገር ተሸክማችሁ ተመለሱ፤ አንድ ቃል፣ አንድ ታሪክ፣ አንድ የሥራ አደራ።

ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ከአክሱም እስከ ዝዋይ ተሸከሙ። ቋንቋቸው ሌላ የሆነ ሰዎች ከእነርሱ ተቀብለው ሺህ ዓመት ያህል ጠበቁ። መሎጊያው እስከ ዛሬ በቀለበቱ ውስጥ ነው፤ ትከሻ ይጠብቃል። እግዚአብሔር አምላካችን የአባቶቻችንን ጽናት ያድለን፤ የእናታችን የጽዮን ማርያም ምልጃና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።